«የከፋውስ እዚያ ማዶ ነበር»

እ.ኤ.አ. በ1845 የድሃው ዋና ምግብ የነበረውን ድንች መሬት ውስጥ እንዳለ የሚያበሰብስ በሽታ አየርላንድ ገባ። እስከ 1852 ድረስ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ፤ ከዚያ የማያንስም አገሩን ጥሎ ተሰደደ። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1945፣ የአየርላንድ የፎክሎር (የሕዝብ ትውፊት ሰብሳቢ) ኮሚሽን በየገጠሩ መጠይቅ አሰራጭቶ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ከወላጅና ከአያት የሰሙትን አስመዘገበ።

የተሰበሰበው ቃል ለጆሮ ይከብዳል። ወለሉ በማጠፊያ ወደ ታች የሚከፈት የሬሳ ሣጥን ነበር ይላሉ፤ ሬሳው ጉድጓድ ውስጥ ይለቀቅና ሣጥኑ ለሌላ ሟች ይመለሳል። ሳማ ተቀቅሎ ተበልቷል፣ ከቁም ከብት ደም ተቀድቷል። የፕሮቴስታንት ሰባኪዎች ለሚያድሉት ሾርባ ሲል ሃይማኖቱን ለወጠ የተባለ ሰው የልጅ ልጆቹ ሳይቀሩ ተሰድበውበታል። የተፈናቀለ ጎረቤቱን መሬት የጠቀለለም አልተረሳም።

አንድ ነገር ግን ደጋግሞ ይመጣል፦ የእኛ አጥቢያ ያን ያህል አልተጎዳም፣ የከፋውስ እዚያ ማዶ ነበር። ይህን የእርጅና መርሳት ነው ብሎ ማለፍ ለእኔ አይዋጥልኝም። አንደኛ፣ ረሃብ ያዋርዳል፤ አያቴ ሣር ጋጠ ብሎ ለእንግዳ ጠያቂ የሚያወራ ስንቱ ነው? ሁለተኛው ይብሳል። ያለቁት በአብዛኛው መሬት አልባዎቹ ናቸው፤ ቤተሰቡ ተጠራርጎ ሲጠፋ ታሪኩን የሚያወርሰው ልጅ አይተርፍም። ለመጠይቁ የመለሱት የተረፉት ዘሮች ናቸው።

ስለዚህ ለቁጥር ወደ መዝገብ መሄድ ይሻላል። የሕዝቡ ትውስታ እህል በመርከብ ሲወጣ ያያል፤ መዝገቡ ደግሞ በ1847 ከወጣው ይልቅ የገባው እህል እንደሚበልጥ ያሳያል። ሆኖም በወታደር ታጅቦ ወደ ወደብ የሚሄደውን ጋሪ ቆሞ ያየ ምስኪን አልዋሸም። ከገባው እህል ላይ የሚገዛበት ሳንቲም አልነበረውም።

እኛም የሰባ ሰባቱ ረሃብ አለን። ያኔ ኮረም ላይ አሥር ዓመት የነበረው ልጅ ዛሬ ሃምሳን ተሻግሯል፤ ከራሱ አንደበት መስማት እየተቻለ መቶ ዓመት የሚጠበቅበት ምክንያት አይታየኝም። ታዲያ ጠያቂው ሲላክ ስንት ሰው ሞተ ብሎ አይጀምር። ማን ለማን በሩን ከፈተ፣ ማን የማንን በሬ በስንት ብር ገዛ፣ ብሎ ይጠይቅ።