አንበሳው ላይ ወጥቶ "ዋተርሎን አየሁ" ማለት ቀልድ ነው

እዚህ ብራስልስ ያለ አንድ የሐበሻ ማኅበር የዘንድሮውን የበጋ ጉዞ ፕሮግራም አውጥቷል። የእንግሊዙ ጄኔራል ዌሊንግተንና የጀርመን ፕሩሲያውያን ናፖሊዮንን ላሸነፉበት የዋተርሎ ጦር ሜዳ የተመደበው ሁለት ሰዓት ነው። አውቶቡሱ የአንበሳው ጉብታ (አናቱ ላይ የአንበሳ ሐውልት ያለበት ሰው ሠራሽ ኮረብታ) ሥር ይቆማል፣ ሰው ደረጃውን ይወጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ገበያ ማዕከል። ሰዓቱ ለምን አነሰ ብለው ለጠየቁት የተሰጠው መልስ ደግሞ ይባስ ያናድዳል። "ሌላው እርሻ ነው። ከላይ ሆኖ ሁሉም ይታያል። ደግሞ ትልልቅ ሰዎች አሉ፣ ሜዳ ለሜዳ ማንከራተት አይሆንም።"

ከትልልቆቹ ሰዎች ልጀምር። ወደ አንበሳው የሚያወጣው ደረጃ 226 ነው። እናቶቻችን ሜዳ ላይ መራመድ አይችሉም፣ 226 ደረጃ ግን ይችላሉ? ይሄ ለሰው ማሰብ ሳይሆን ሰበብ ነው።

"እርሻ ነው" ለሚለውም መልስ አለኝ። አዎ፣ እርሻ ነው! የተዋጉትም እርሻ ላይ ነው። ሁጉሞን የእርሻ ግቢ ነው። ላ ሄ ሴንት የእርሻ ግቢ ነው። የዌሊንግተን ጦር ቁስለኞቹን ያከመበት ሞን ሴን ዣንም እንደዚያው። እዚያ እ.ኤ.አ. በ2019 የቆፈሩ ሰዎች ያኔ የተቆረጡ የእግር አጥንቶች አግኝተዋል። ቤልጂየም በ1914 ሕግ አውጥታ ሜዳው ላይ ግንባታ የከለከለችው እኮ እርሻ ሆኖ እንዲቆይ ብላ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። "ከላይ ሆኖ ሁሉም ይታያል" ይሉናል። ከላይ የማይታየው ዋናው ነገር ነው። ከአርባ ሜትር ከፍታ ሲታይ ያ ሜዳ እንደ ምጣድ ለጥ ያለ ይመስላል። ጁን 18 ቀን 1815 ግን ውጊያውን የወሰነው ሜዳው ለጥ ያለ አለመሆኑ ነው። ዌሊንግተን አብዛኛውን ጦሩን ከሸንተረሩ ጀርባ ደበቀ። የናፖሊዮን መድፈኞች የማያዩትን ነበር የሚተኩሱት። ከሰዓት በኋላ የናፖሊዮን አዛዥ ማርሻል ኔይ በሺህ የሚቆጠር ፈረሰኛ ይዞ ዳገቱን ወጣ። ጫፉ ላይ ሲደርስ ያ ሁሉ እግረኛ በአራት ማዕዘን ተሰልፎ፣ ሳንጃውን ደግኖ ይጠብቀዋል። አመሻሹ ላይ የናፖሊዮን የክብር ዘበኛ፣ ምርጡ ጦሩ፣ ሲመጣም ያው ነው። ባዶ የመሰለ ዳገት ወጡ። ከዚያ መሬት ላይ ተኝተው የነበሩት የእንግሊዝ ዘበኞች ብድግ ብለው ተኮሱባቸው። ይሄን ከጉብታ አናት ላይ የሚያይ ሰው "እንዴት አላዩዋቸውም? ሞኞች ናቸው እንዴ?" ብሎ ይወርዳል። ከፈረንሳዮቹ በኩል፣ ላ ቤል አሊያንስ ከሚባለው የመንገድ ዳር ማረፊያ ቤት ተነስቶ በእግሩ የመጣ ሰው ግን እንዲህ ብሎ አይጠይቅም። ፊቱ ያለው ዳገት ብቻ ነዋ።

ደግሞስ ጉብታው ያኔ የት ነበር? አልነበረም። የኔዘርላንድ ንጉሥ ቀዳማዊ ዊሌም ልጁ በቆሰለበት ቦታ ያስቆለለው አፈር ነው፤ ያለቀው በ1826። አፈሩ ከየት መጣ? ከዚያው ከሸንተረሩ ተዝቆ! ዌሊንግተን ቆይቶ ቦታውን ሲያይ "የጦር ሜዳዬን አበላሹብኝ" አለ ይባላል። ባይልም እኔ እልለታለሁ። እንግዲህ የማኅበራችን ፕሮግራም ሕዝቡን ይዞ ሜዳውን ያበላሸው ነገር ላይ ያወጣና "ይኸው ሜዳው" ይለዋል።

ፕላንሰንዋማ ከነጭራሹ አልተጠቀሰችም። የዌሊንግተን አጋሮች፣ በጄኔራል ብሉኸር የሚመሩት ፕሩሲያውያን፣ ከናፖሊዮን ጦር ጋር በየቤቱና በየአጥሩ የተናነቁባት መንደር ናት። ናፖሊዮን ለመጨረሻው ጥቃት ያቆየውን ዘበኛ ከፍሎ ወደዚያ እንዲልክ ያስገደዱት እነሱ ናቸው። ፕላንሰንዋን ያላየ ሰው ስለ ዋተርሎ አፉን ባይከፍት ይሻላል።

ዝናብ ከጣለ ሙዚየሙና በ1912 የተሳለው ክብ ትልቅ ሥዕል ጥሩ መጠለያ ናቸው፣ አልክድም። እንደ ዝናብ ቀን ፕሮግራም ከሆነ ይሁን።

እቅድ የሚወጣ ከሆነ ግን እንዲህ ነው። ባቡር የሚይዝ ሰው ዋተርሎ ጣቢያ እንዳይወርድ፤ ብሬን ላሉ ይውረድ። ዋተርሎ ከተማ ዌሊንግተን ያደረባትና የድል ደብዳቤውን የጻፈባት ናት፤ ውጊያው ከእሷ ወደ ደቡብ ነው። መጀመሪያ ሁጉሞን፣ ከዚያ ሸንተረሩን ይዞ ወደ ላ ሄ ሴንት። እሱ የግለሰብ ንብረት ስለሆነ ከውጭ ብቻ ነው የሚታየው፤ መንገዱ ላይ መኪና ስለሚበዛ ልጆችን መያዝ ነው። ቀጥሎ ላ ቤል አሊያንስና ፕላንሰንዋ። ጭቃ የሚችል ጫማ፣ ውኃ፣ ምሳ። እህሉን አለመርገጥ፤ ገበሬው ምን በደለ? መራመድ የማይችሉትን አውቶቡሱ ራሱ በየቦታው ሊያወርዳቸው ይችላል። እንዴ፣ የተከራየነው ለምንድን ነው?

ይሄ ሙሉ ቀን ይፈልጋል። ገበያ ማዕከሉ በማግስቱም ክፍት ነው። ፕሮግራሙ ካልተለወጠ የከፈልኩትን ይመልሱልኝ፤ በራሴ ባቡር እሄዳለሁ፣ አብሮኝ የሚመጣም አላጣም።