«ኔትወርክ የሌለበት ቦታ የት አለ?» ለምትሉ

ፊልምና ድራማ በኢንተርኔት የሚያሳየው ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ በ2024 ለዊንዶውስ ኮምፒውተሮች የሚሆን አዲስ መተግበሪያ ይዞ መጣ። የቀጥታ ስርጭት ይኖረዋል፣ ከማስታወቂያ ጋር ለሚያዩ ደንበኞችም ይሠራል ተብሏል። እሰየው። በማሳወቂያው ውስጥ ግን አንዲት መርዶ ተሸጉጣለች። ከእንግዲህ በኮምፒውተር ዳውንሎድ ማድረግ የለም። ተከታታይ ድራማውን አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ማየት የፈለገ ሰው በስልኩ ወይም በታብሌቱ ያውርድ። አለቀ። ወርኃዊ ክፍያው ይቀንሳል የሚል ቃል ፈልጌ አጣሁ።

ውሳኔው አንድ ነገር ነው። ይበልጥ ያበሸቀኝ ከዚያ በኋላ የሰማሁት ምላሽ ነው። የቴክኖሎጂ ወሬ የሚያሳድዱ ወዳጆቻችን «በዚህ ዘመን ማን ዳውንሎድ ያደርጋል? ኔትወርክ የሌለበት ቦታ የት አለ?» እያሉ ተሳለቁ። ውጭ የሚኖሩት ቢሉት ይገባኛል። አዲስ አበባ ተቀምጦ ይህን የሚል ሰው ግን የየትኛው አዲስ አበባ ነዋሪ ነው?

የት እንዳለ ልንገራችሁ። በሰኔ 2012 ማለቂያ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘግቶ ሦስት ሳምንት ገደማ ቆየ። ትግራይ ከጥቅምት 2013 ማለቂያ ጀምሮ ስልኩም ኢንተርኔቱም ተቋርጦበት ዓመታት ተቆጠሩ። ከየካቲት 2015 ጀምሮ ደግሞ ዩቲዩብ፣ ቴሌግራም፣ ፌስቡክና ቲክቶክ ለአምስት ወር ያህል ያለ ቪፒኤን አልከፈት አሉን። ከሐምሌ 2015 ማለቂያ ወዲህ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለወራት ጠፋ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ትልቁ ችግር ድራማ ማጣት ነበር አልልም፤ ሰው ዘመዱ በሕይወት መኖሩን ማወቅ ያቃተው ጊዜ ነበር። ግን «ኔት የሌለበት ቦታ የት አለ» የሚለው ጥያቄ እዚህ አገር ሲጠየቅ ቢያንስ ትንሽ ማፈር ያስፈልጋል።

ይሁን፣ የመዘጋቱን ነገር እንተወው። ደህናውን ቀን እንውሰድ። ማታ ነው፣ መብራት ጠፋ። ዋይፋዩም አብሮ ጠፋ፤ ሳጥኑ የሚሠራው በመብራት ነዋ። ስልኩ ዳታ አለው ብላችሁ ትሞክራላችሁ። ሰፈሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ሞባይል ዳታ ስለዞረ ያቺ ክብ ምልክት ትሽከረከራለች። በዚያ ሰዓት ቤት ውስጥ ነፍስ ያለው ዕቃ ላፕቶፑ ብቻ ነው። ባትሪ አለው። ስክሪኑ ለአራት ሰው ይበቃል። ቀን የወረደ ድራማ ካለበት ምሽቱ ይተርፋል። ኔትፍሊክስ የቆረጠው በትክክል ይህን ነው። ፈልጎ ቢያነጣጥር እንኳ እንዲህ አይመታም።

«ስልክ አለህ አይደል?» የሚለው ደግሞ አለ። አለኝ። እናቴን፣ ሁለት ልጅና አንድ እንግዳ ይዤ በስድስት ኢንች ስክሪን ላይ ልደፋ? አብዛኛው ሰው የያዘው ስልክ እኮ የልጆች ፎቶና የቴሌግራም ቪዲዮ ሞልቶበት «ቦታ የለም» እያለ የሚያለቅስ ስልክ ነው። ታብሌት ያለው ቤት ስንት ነው? ላፕቶፕ ግን ለሥራም ለትምህርትም ተብሎ ተገዝቷል፤ ተማሪው ዶርም ይዞት ይገባል፤ በገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር ይገናኛል። ባለፉት ዓመታት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ጠይቁ። ዶርም ውስጥ ላፕቶፕ ያለው ልጅ ማለት የሲኒማ ቤት ባለቤት ማለት ነበር።

«ማክ ኮምፒውተር ላይ ድሮም አልነበረም፣ ማን ጮኸ?» የሚሉም አጋጥመውኛል። ይህ ክርክር ነው? ጎረቤቴ ድሮም ውኃ የለውም ተብሎ የእኔ ቧንቧ ይቆረጣል?

ወጪውንም እናስላው። ኔትፍሊክስ ራሱ በእገዛ ገጹ እንደሚለው አንድ ሰዓት በመደበኛ ጥራት ማየት እስከ 1 ጊጋባይት፣ በከፍተኛ ጥራት እስከ 3 ጊጋባይት ይበላል። ጥቅል እየገዛ የሚያይ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። በዚያ ላይ ልጅ አንዱን ካርቱን አንድ ጊዜ አይቶ አይተወውም። ዛሬም፣ ነገም፣ ተነገ ወዲያም ያንኑ ነው። የወረደ ከሆነ አንዴ ተከፍሎበታል። በኢንተርኔት የሚታይ ከሆነ ያው የካርቱን ዝሆን በዘፈነ ቁጥር ጥቅሉ ይበላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሌላው ሁሉ ቢቀር ይህን አልተውም።

ዳውንሎድን እንደ ችሮታ የሚያዩት ሰዎች ታሪኩን ረስተውታል። ቴሌቪዥን ለረጅም ጊዜ የጣቢያው ሰዓት ነበር። ሁለት ሰዓት ካለ ሁለት ሰዓት ነው፤ ካመለጠህ አመለጠህ። ይህን የሰበረው የቪዲዮ ዴክ ነው። ሶኒ ቤታማክስ የሚባለውን ዴክ አውጥቶ ሰው የወደደውን ፕሮግራም ቤቱ ቀድቶ በፈለገው ሰዓት ማየት ሲጀምር ፊልም ሠሪዎቹ ዩኒቨርሳልና ዲዝኒ እ.ኤ.አ በ1976 ፍርድ ቤት ገተሩት። ክርክሩ ሰባት ዓመት ያህል ፈጀ። የፊልም ሠሪዎቹ ማኅበር መሪ ጃክ ቫለንቲ በ1982 የአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ የቪዲዮ መቅጃን ብቻዋን ቤት ካለች ሴት ላይ ከሚመጣ አንቆ ገዳይ ጋር አመሳሰለው። ይህን ያለው በቁም ነገር ነው። ጥር 1984 ላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአምስት ለአራት ድምፅ ለሶኒ ፈረደ። ፕሮግራሙን ቀድቶ በኋላ ማየት ሕጋዊ ነው አለ። ቀደም ሲል በታችኛው ፍርድ ቤት ፍሬድ ሮጀርስ የሚባል የልጆች ፕሮግራም አቅራቢ ቤተሰቦች ፕሮግራሙን ቀድተው በሚመቻቸው ሰዓት ቢያዩት ደስ እንደሚለው መሥክሮ ነበር፤ ዳኞቹም ቃሉን በውሳኔያቸው ጠቅሰውታል። ከዚያስ? ፊልም ኢንዱስትሪው ታንቆ ሞተ? ጥቂት ዓመታት ሳይቆዩ ስቱዲዮዎቹ ከካሴት የሚያገኙት ገቢ ከሲኒማ ቤት ትኬት በለጠ። የፈሩት ዕቃ አበላቸው።

እኛስ ጋ? ውጭ ያለው ሐበሻ ለስንት ዓመት አገሩን ያየው በካሴት ነው። የበዓል ፕሮግራም ተቀድቶ፣ በመንገደኛ ሻንጣ ተልኮ፣ ከቤት ቤት እየዞረ። ያኔ ማንም ሰው ካሴቱን በ48 ሰዓት ውስጥ ካላየኸው ይጠፋል አላለም። ዛሬ ግን ከኔትፍሊክስ ያወረድከው አንዳንዱ ፊልም መጫወት ከጀመረ በ48 ሰዓት ጊዜው ያልፋል። አንዳንዱን በዓመት ከተወሰነ ጊዜ በላይ ማውረድ አይቻልም። የወረደው ነገር የሚከፈተውም በእነሱው መተግበሪያ ብቻ ነው። ማለትም ከአርባ ዓመት በፊት ከነበረን መብት ላይ ተቆንጥሮ ተቆንጥሮ ይህቺ ቀርታ ነበር። እሷንም ነው እንግዲህ ከላፕቶፑ ላይ የነጠቁን።

የሚያስቀው የሶኒ ነገር ነው። ያኔ ለተመልካቹ መብት ጠበቃ የነበረው ሶኒ ታኅሣሥ 2023 ላይ ለፕሌይስቴሽን ደንበኞቹ የዲስከቨሪን ፕሮግራሞች ገንዘብ ከፍላችሁ የገዛችኋቸው ቢሆንም ከዓመቱ ማብቂያ ጀምሮ ከቤተ መዛግብታችሁ ይጠፋሉ ብሎ አረፈው። ጩኸቱ ሲበረታና ከባለመብቶቹ ጋር አዲስ ውል ሲፈርም ሐሳቡን ሰረዘ። ግን ነገሩ ታየን። በእጅህ ያልያዝከው ነገር ያንተ አይደለም። ፋይሉ በእጅህ ሲሆን ቢያንስ ለመንጠቅ ይከብዳል። የዳውንሎድ ቁልፍ ሲነሳ እኔ የሚታየኝ ይህ ነው፣ ሌላ ሰው «ትንሽ የመተግበሪያ ለውጥ» ይበለው።

ኔትፍሊክስ ደግሞ ይህን ክርክር አንዴ ተሸንፎበታል። እ.ኤ.አ በ2015 የምርት ክፍሉ ኃላፊ የነበረው ኒል ሃንት አማዞን ዳውንሎድ ሲፈቅድ፣ ይህ ነገር የተመልካቹን ሕይወት ያወሳስባል፣ ሰው ይህን ያህል የሚፈልገውም አይመስለኝም ዓይነት መልስ ሰጥቶ ነበር። አስቀድሞ ማውረድ እንዳለብህ ማስታወስ አለብህ፣ ድካም ነው አለ። ስለኛ ድካም እንዲህ የሚያስብልን ሰው ማግኘት መታደል ነው! ዓመት ከጥቂት ወር አልቆየም፣ ኅዳር 2016 ላይ ኩባንያው ዳውንሎድ ፈቀደ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር። በዚያው ዓመት ጥር ላይ በ130 አዳዲስ አገሮች ገብቶ ስለነበር ዓለም ሁሉ ካሊፎርኒያ እንዳልሆነ ገባው። እኛንም ደንበኛ ያደረገን ያኔ ነው። የመጣው ወደ እኛ ኔትወርክ ነው። አሁን ምን ተለውጦ ነው?

አዲሱ መተግበሪያ በውስጡ ድረ ገጹ ነው፣ ዳውንሎድን መልሶ መሥራት ወጪ አለው ይባላል። ይህን ልቀበለው። ሶፍትዌር ነጻ አይሠራም። ግን በድህነት የሚታማ ኩባንያ አይደለም።

ደግሞም «ዳውንሎድ ሌብነት ያበረታታል» ለሚሉት አንድ ቃል አለኝ። በየሰፈሩ ሚሞሪና ፍላሽ የሚሞሉ ሱቆችን ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ተከታታይ ድራማውን ሙሉውን፣ ከነትርጉሙ፣ ለሻይ በማይተርፍ ብር ይጭኑልሃል። የቴሌግራም ቻናሎቹም አሉ። ለሠሪው አንድ ሳንቲም አይደርሰውም፣ ትክክልም አይደለም። ግን እነዚህ ሰዎች ደንበኛቸውን ከኔትፍሊክስ የተሻለ ያውቁታል። ፋይሉ በየትኛውም ዕቃ ይከፈታል፣ አይቃጠልም፣ ይለፍ ቃል አይጠይቅም። እዚህ አገር ኔትፍሊክስ በሕጋዊ መንገድ ለመክፈል መጀመሪያ በውጭ ምንዛሬ የሚሠራ ካርድ ማግኘት አለብህ። ብዙ ሰው ያይ የነበረው ውጭ ባለ ወንድም ወይም እህት አካውንት ነው፤ እሱም በ2023 የይለፍ ቃል መጋራት ሲከለከል ተወሳሰበ። ይህን ሁሉ አልፎ፣ ካርድ ለምኖ፣ ከፍሎ የሚያይ ሰው ሌባ አይደለም። ሌባ አድርጋችሁ የምትይዙት እሱን ነው፤ ሱቁ ጋ የሄደውማ መቼ ችግር ገጠመው።

ሕጋችን እንኳ ከእነሱ ይሻላል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ግለሰብ ለገዛ ራሱ መጠቀሚያ ብቻ ከታተመ ሥራ አንድ ቅጂ ቢያደርግ ባለመብቱ ሊከለክለው እንደማይችል ይናገራል። ዝርዝርና ገደብ አለው፣ ጠበቆች ይከራከሩበት። መንፈሱ ግን ግልጽ ነው።

ስለዚህ ኔትፍሊክስ የዳውንሎድ ቁልፉን ወደ ላፕቶፑ ይመልስ። አልመልስም ካለም ሌላ መንገድ አለ። በህንድ እ.ኤ.አ ከ2019 ጀምሮ ለስልክና ለታብሌት ብቻ የሚሆን ርካሽ ጥቅል ሲሸጥ ቆይቷል፤ እንዴት እንደሚሠራ አሳምሮ ያውቀዋል። ዳውንሎዱ የስልክ ብቻ ከሆነ ሂሳቡንም የስልክ ያድርግልን።