የ«ቤን ሁር» ደራሲ ክርስትናን ለማፍረስ አልተነሣም

በክርስቶስ ዘመን የሚካሄደው «ቤን ሁር» የተባለ ልብ ወለድ ደራሲ አሜሪካዊው ሌው ዋላስ ክርስትናን ሐሰት ነው ብሎ ለማስረዳት ብዕሩን ያነሣ ኢ-አማኒ እንደ ነበረና እየጻፈ ሳለ እንዳመነ የቀረበው አስተያየት፣ ብዙ ጊዜ የሚደጋገም ቢሆንም፣ ደራሲው ራሱ ከተወው ምስክርነት ጋር አይስማማም። ዋላስ እንደ ጻፈው፣ በዚያን ጊዜ ስለ እግዚአብሔርም ሆነ ስለ ክርስቶስ የቆረጠ አቋም አልነበረውም፤ አያምንም፣ አይክድምም ነበር። የመጽሐፉ መነሻ የሆነውን የሰብአ ሰገልን ታሪክ እንዲጽፍ ያነሣሣውም የማቴዎስ ወንጌል ነው።

የአፈ ታሪኩ ምንጭ፣ በእኔ ግምት፣ እ.ኤ.አ. በ1876 በባቡር ላይ ከታወቀው የሃይማኖት ተቺ ከሮበርት ኢንገርሶል ጋር ያደረገው ረጅም ውይይት ነው። ክርስትናን የሚቃወመው ኢንገርሶል ነበር፤ ዋላስ ግን በራሱ አላዋቂነት አፍሮ ጉዳዩን ሊያጠና ወሰነ። መጽሐፉን ሲጨርስ አማኝ መሆኑን ቢመሰክርም፣ የየትኛውም ቤተ ክርስቲያን አባል አልነበረም። ስለዚህ ለውጥ ነበረ፤ ለውጡ ግን ከግዴለሽነት እንጂ ከጠላትነት የተነሣ አይደለም።

የመጽሐፉ ተወዳጅነትም ይህን ተረት አይፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1880 ሲታተም ሽያጩ ቀዝቃዛ ነበር፤ ውሎ አድሮ ግን፣ ክርስቶስን በአክብሮት ስለሚያሳይ፣ ልብ ወለድን ይጠየፉ የነበሩ አጥባቂ ምእመናን ሳይቀሩ አነበቡት። እ.ኤ.አ. በ1899 የሠረገላ ውድድሩ በእውነተኛ ፈረሶች እየታየ በቴአትር መልክ ለመድረክ በቃ፤ የ1959ኙ ፊልምም 11 የኦስካር ሽልማቶችን አገኘ።