አባባ ግማሹን እንጀራ የተዉት ጠግበው አይደለም

ወገኖቼ፣ ስትሮክ የመታውን ሰው «አውቆ ነው» ማለት ይብቃን።

አባታችሁ ከሆስፒታል ወጥተው ቤት ገብተዋል። ትሪ ሲቀርብላቸው የቀኙን በኩል ጥርግ አድርገው ይበሉና የግራውን እንዳለ ይተዉታል። «ጠገቡ» ብላችሁ ታነሳላችሁ። ጢማቸውን በቀኝ ብቻ ተላጭተው ብቅ ሲሉ ትስቃላችሁ። በግራቸው የተቀመጠ ጠያቂ ሰላም ቢላቸው ዝም ይሉታል፤ እሱም «ድሮም ኩሩ ናቸው» ብሎ አኩርፎ ይሄዳል። እስቲ ትሪውን አዙሩላቸው። «ይኼ ከየት መጣ?» ብለው የቀረውን ይበሉታል። ለካ ርቧቸው ነበር!

ንቀትም መጃጀትም አይደለም። የአንጎል ቀኝ ክፍል ሲጎዳ፣ ዐይኑ ደኅና የሆነ ሰው እንኳ ሐሳቡን ወደ ግራ መላክ ሊያቅተው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1978 የታተመ የጣሊያን ጥናት አለ። ሁለት የሚላኖ ሕሙማን የከተማቸውን የካቴድራል አደባባይ በሐሳባቸው እንዲያዩት ተጠየቁ። ፊታቸውን ወደ ካቴድራሉ አድርገው ሲያስቡ በቀኛቸው ያለውን ብቻ ቆጠሩ። ካቴድራሉን ጀርባ ሰጥተው እንደቆሙ እንዲያስቡ ሲነገራቸው ግን ቅድም የዘለሉትን ጠርተው፣ የጠሩትን ዘለሉት። ዐይን በማያስፈልግበት በትዝታ ውስጥ እንኳ ግራው ጠፋባቸው! ታዲያ «አላይም ብለው ነው» ብላችሁ የምትፈርዱት ምን ይዛችሁ ነው?

ሌላው ጥፋታችን ፍቅር የሚመስለው ነው፤ ማጉረሱ፣ ማልበሱ፣ ሁሉን ነገር ቀኝ እጃቸው ሥር መደርደሩ። እኔም በእናቴ ላይ አድርጌዋለሁ። ውኃቸውና ስልካቸው በሚያዩት በኩል ይሁን፣ ግድ ነው። ግን አብዛኛው ለውጥ የሚመጣው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ወራት ነውና ጊዜውን በጉርሻ አታባክኑት። ከትሪው ግራ ደማቅ ቀይ ነገር አስቀምጡና «ቀዩን እስኪያገኙት ይፈልጉ» በሏቸው። ፊደላችን ከግራ ስለሚጀምር ሲያነቡ የመስመሩን መነሻ ይዘሉታል፤ በገጹ ግራ ዳር ቀይ መስመር አስምሩላቸው። ስታጫውቷቸው ከቀኝ ጀምሩና በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ወደ ግራ እየተጠጋችሁ ተቀመጡ። ግራ እጃቸው ጥቂት የሚላወስ ከሆነ እዚያው በግራ በኩል ያሠሩት። እይታን ወደ ቀኝ በሚያሸሽ መነጽር የሚሰጥ ልምምድም አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ1998 ወዲህ ብዙ ተወርቶለታል፣ የኋላ ጥናቶች ግን አልተስማሙበትም፤ እሱን ፍለጋ አገር አታቋርጡ። የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮ አታሳልፉ። ጸበልም ውሰዷቸው፣ የግፊት ኪኒናቸውን ግን አታስቋርጧቸው።

ደግሞ ብቻቸውን አስፋልት አይሻገሩ። በአገራችን መኪና ቀኙን ይዞ ስለሚነዳ፣ ከእግረኛ መንገድ ለወረደ ሰው መጀመሪያ የሚደርስበት ከግራ የሚመጣው ነው። «ድኛለሁ» ስላሉም የመኪና ቁልፍ አትስጧቸው፤ የጎደላቸውን አለማወቃቸው ራሱ የበሽታው ምልክት ነው። ሐኪማቸው አይቶ እስኪፈቅድ ቁልፉ እናንተ ኪስ ውስጥ ይቆይ፤ ቢቆጡም ይቆጡ።