ቆርቆሮ የሚመዝነው ሙዚቃ

ጅማ ውስጥ ሙዚቃ የሚመዘነው በቆርቆሮ ነው። ዝናቡ እኛ ዘንድ ክረምትን አይጠብቅም፣ ሚያዝያ ላይ ከች ይላል። ከጣሪያው ጫጫታ በላይ የተሰማ ዘፈን፣ ዘፈን ነው። ያልተሰማው የባትሪ ኪሳራ ነው።

ሊንኪን ፓርክ የተባለውን የአሜሪካ ሮክ ባንድ የወደድነው በዚህ ሚዛን ነው። «ሃይብሪድ ቲዎሪ» የተባለው የመጀመሪያ አልበማቸው የወጣው በፈረንጅ 2000 ነው። እኛ ጋ የደረሰው ከዓመታት በኋላ፣ መርካቶ ካለ ሙዚቃ ቤት ሚሞሪ ካርድ ላይ አስጭነነው ነው። ማይክ ሺኖዳ ራፑን ይለቀዋል። ቼስተር ቤኒንግተን ይቀበልና ሲጮህ ዝናቡ ራሱ የሚደነግጥ ይመስለን ነበር። ግጥሙ ግማሹ አይገባንም። የተናደደ ሰው መሆኑ ግን ይገባናል። እኛም ተናደን ነበር። በምን እንደሆነ ማንም አልጠየቀንም፤ ደግነቱ፣ መልስ አልነበረንም።

የመጡት አከራያችን ብቻ ናቸው። አንድ ማታ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በሩን አንኳኩ።

«ልጆች፣ ማን ሞቶ ነው?»

«ኧረ እትዬ፣ ዘፈን ነው!» ብለን በሳቅ ፈረስን።

«ዘፈን ከሆነ ለምን ያለቅሳል?» አሉና ሄዱ።

ከዚያ በፈረንጅ 2017 መጣ። «ዋን ሞር ላይት» የሚባል አልበም ሊወጣ ነው ተባለ፤ ቀድሞ የተለቀቀው ዘፈን ስሙ «ሄቪ» ነው። ከባድ ማለት ነው። ኪያራ ከምትባል ልጅ ጋር እየተቀባበሉ፣ ሕፃን እንዳይነቃ እንደሚጠነቀቅ ሰው ለስለስ አድርገው ይዘፍኑታል። ጊታሩ ከሩቅ ነው። ጩኸት የለም።

ፈረንጅ አራዳ ሰፈር አንድ ካፌ አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። ሰብሳቢው የሰፈራችን የሮክ ሽማግሌ ነው። ያኔ የራስ ቅል ያለበት ጥቁር ቲሸርት ከላዩ አይወርድም ነበር። ዛሬ ቲሸርቱ ባጃጁን ይወለውላል።

«ከዱን!» አለ። «ከባድ ብሎ ሰይሞ ላባ ይሸጥልናል? እንዲህ ዓይነት ሚዛን የያዘ ቡና ነጋዴ እኮ ይታሰራል!»

ይህን ሲል ፊቱ የነበረው ወተት በዛ ያለ ማኪያቶ ነው። ለጨጓራው ነው አሉ። ጅማ ላይ ቁጭ ብሎ ቡና በወተት የሚያቀጥን ሰው ስለ ክህደት ሲያወራ ሰምቶ ዝም ማለት ከባድ ነው፤ ዝም አልን እንጂ። መሀል ላይ ሚስቱ ደወለች። «ወዬ... እሺ የኔ እመቤት... ዳቦውን አልረሳም» አለ። ያንን ድምፅ የቀዳ ሰው ቢኖር ከሊንኪን ፓርክ የለሰለሰ አልበም ይወጣው ነበር።

በእርግጥ ልጆቹ ሲለወጡ የመጀመሪያቸው አልነበረም። በ2010 ኤሌክትሮኒክሱን ሲያበዙ ሰደብናቸው። በ2014 ተመልሰው ሲጮኹ «ያረጀ ነገር ደገሙ» አልን። እንደ እኛ ያለ አድናቂ ካለህ ጠላት መግዛት አያስፈልግህም።

ዋናው ጉድ ግን ሌላ ነው። አልበሙ የወጣው ግንቦት ላይ ነው። ግንቦት ደግሞ ቆርቆሮው ሥራ ላይ ነው። በስልክ ድምፅ ማጉያ ያንን ሹክሹክታ ማን ይሰማዋል? ከመካከላችን አልበሙን ከዳር እስከ ዳር የሰማ አንድም ሰው አልነበረም። ሁለት ወር ሙሉ የሰደብነው ያልሰማነውን ነው።

ሐምሌ 13 ቀን ቼስተር ሞተ። ወሬው በማግስቱ ደረሰን። ማታ እኔ ቤት ተሰበሰብን። (እኔ ያው አሁንም እዚያው ክፍል ተከራይ ነኝ።) የአልበሙን ርዕስ የያዘውን ዘፈን ከፈትን። የሞተች ወዳጃቸውን አስበው የሠሩት ነው። ዝናቡ ይወርዳል። እትዬ ብቅ አሉ።

«ዛሬ ምነው ጭጭ አላችሁ?»

«ያ የሚጮኸው ልጅ ሞተ፣ እትዬ።»

«ውይ! ስንት ዓመቱ ነው?»

«41።»

«ልጅስ አለው?»

«ስድስት።»

ከንፈራቸውን መጠጡ። ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። በርጩማ ስበው ተቀመጡ።

«ታዲያ ያኔ ማን ሞቶ ነው ስላችሁ ለምን ሳቃችሁብኝ?»

የሚመልስ ጠፋ።

«በሉ ከፍ አድርጉት፣ አይሰማም» አሉ።

ከዚያ በላይ ከፍ አይልም ነበር። ባለ ማኪያቶው ተነሳና ስልኩን ባዶ ብርጭቆ ውስጥ አቆመው። ሁላችንም ጆሯችንን ወደ ብርጭቆው አስጠጋን።