በስንት ያዝከው?

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ ጋሼ ከሮም ደወሉ። ጋሼ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። እኛ ያለነው ፍራንክፈርት ነው። ለኦገስት ደቡብ ጣልያን፣ ፑልያ፣ ለሰባት ሌሊት ቤት መያዛችንን ነገርኳቸው። "ደስ ይላል" አላሉም። "የት አካባቢ?" አላሉም። "በስንት ያዝከው?" አሉ።

ነገርኳቸው። ስልኩ ጸጥ አለ። ማንኪያ ከብርጭቆ ጋር ሲጋጭ ይሰማኛል፤ ማኪያቷቸውን እያማሰሉ ነው። ከዚያ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ተበልተሃል" አሉኝ።

ልብ በሉ። ጋሼ ሮም ከገቡ ሠላሳ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ከናፖሊ በታች ወርደው አያውቁም።

እኔ ይህችን ቃል አልወዳትም። ከመግዛቴ በፊት ብትነግረኝ ምክር ነው። ገንዘቡ ከእጄ ከወጣ በኋላ ግን ምን ላድርግበት? አሥረኛ ክፍል ሳለሁ እናቴ መርካቶ ወስዳ ጥቁር ጃኬት ገዛችልኝ። ገና ከታክሲ ወርደን ሰፈር ስንገባ አንድ ጎረቤታችን እጅጌዬን በሁለት ጣታቸው ያዝ አደረጉ። አሸት አሸት አደረጉት። "በስንት ነው?" እናቴ ነገረቻቸው። "ውይ! ተበልታችኋል!" ያን ጃኬት አራት ዓመት ለበስኩት። አንድም ቀን ደስ ብሎኝ አልለበስኩትም። ሰውዬው አርፈዋል፤ ነፍሳቸውን ይማር። ጣቶቻቸው ግን እስከ ዛሬ እጅጌዬ ላይ አሉ።

ጋሼ ደግሞ ያለ ልፋት የተገኘ ቤት መሰላቸው እንዴ? ፌብሩዋሪ ላይ ጀምረን ነው የፈለግነው። ባለቤቴ ባሕር ትፈልጋለች። ልጆቹ የዋና ገንዳ። (ሁለት ባሕር ያለበት አገር ሄደው ገንዳ! እሱን እንኳ ልተወው።) እኔ መኪና ማቆሚያ ብቻ ነው የፈለግኩት። የጣልያን አሮጌ ከተሞች መግቢያ ላይ ለነዋሪ ካልሆነ በመኪና አይገባም የሚል ምልክት አለ። አጠገቡ ካሜራ አለ። አንተ የማረፊያህን በር እየፈለግክ ሦስት ጊዜ ትዞራለህ፤ ካሜራው ሦስት ጊዜ ያነሳሃል። ለእረፍት ከተነሳኸው ፎቶ ሁሉ ዋጋ ያለው እሱ ነው። ከወራት በኋላ ቅጣት ሆኖ ፖስታ ሳጥንህ ድረስ ይመጣል።

ፑልያ ካርታ ላይ የጫማ ተረከዝ ናት፤ ትንሽ ትመስላለች። ከሰሜኑ ከቪዬስቴ ከተማ እስከ ታችኛው ጫፍ እስከ ሌውካ ግን በመኪና ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በአንድ በኩል አድሪያቲክ ባሕር፣ በሌላው ኢዮንያ ባሕር። ታች፣ ሳሌንቶ በሚባለው የተረከዙ ጫፍ ያለ ሰው ጠዋት ተነስቶ መጀመሪያ ነፋሱን ያያል። ከሰሜን ከነፈሰ ወደ ኢዮንያ በኩል ይሄዳል፤ ከደቡብ ሲሮኮ የሚሉት ነፋስ ከመጣ ወደ አድሪያቲክ ይዞራል። እኛ ደግሞ በፌብሩዋሪ፣ ካፖርት ለብሰን፣ ፍራንክፈርት ቁጭ ብለን የኦገስትን ነፋስ ልንመርጥ ነው።

በኢንተርኔት ከተማ ከከተማ እናማርጥ ጀመር። ሌቼን አየን። ድንጋዩ ለስላሳ ስለሆነ አብያተ ክርስቲያናቱን እንደ ጥልፍ ጠልፈዋቸዋል። ባሕሩ ግን ከአሥር ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ባለቤቴ ጣለችው። ፖሊኛኖን አየን። ባሕሩ እዚያው ነው፣ ከገደሉ ሥር። "ልጅ ይዤ ገደል ላይ አላድርም" አለች። ባሪን እኔ ወድጄው ነበር። አሮጌው ሰፈር ውስጥ እናቶች በራቸው ላይ ተቀምጠው ኦሬኪዬቴ የምትባለዋን የጆሮ ቅርጽ ያላት ፓስታ በአውራ ጣት ይሠራሉ። ልጆቹ "ገንዳ አለው?" አሉ። አለቀ።

ከዚያ ሞኖፖሊ የምትባል ከተማ ውስጥ አንዲት ቆንጆ ሎካንዳ አገኘሁ። ደስታዬን ለእናቴ ልንገራት ብዬ አዲስ አበባ ደወልኩ።

"ሉካንዳ?" አለች። "ሥጋ ቤት ልታድሩ ነው?"

እማዬ እውነት አላት። ለጣልያኑ ሎካንዳ የእንግዳ ማረፊያ ነው። እኛ ጋ ሲደርስ በሬ ተሰቀለበት። አልቤርጎም እንደዚያው ነው። እነሱ ጋ ሆቴል ማለት ነው፤ እኛ ጋ ከቡና ቤት ጀርባ ያለች፣ አንድ አልጋና አንድ ባልዲ የያዘች ክፍል ሆነ። እንግዲህ ፔንሲዮን ነው እንዳልላት ፈራሁ። አዲስ አበባ ላይ ፔንሲዮን በፀሐይ፣ ሚስትና ልጅ አስከትለው የሚገቡበት አይደለም። "ሆቴል ነው እማዬ" ብዬ ዘጋሁት። ሎካንዳዋም በማግስቱ በሌላ ሰው ተያዘች። ሰው የሞተብኝ ያህል አዘንኩ።

በመጨረሻ የያዝነው ኦስቱኒ ከተማ አጠገብ፣ ወይራ መሃል ያለ ትሩሎ ነው። ትሩሎ ማለት ክብ የድንጋይ ቤት ነው፤ ጣሪያው እንደ ቁልል የሾለ። ፎቶውን ላክሁላት።

"ይሄማ ጎጆ ነው" አለች እማዬ። "አያትህ ጎጆ አፍርሰው ቆርቆሮ ለማልበስ ስንት ዓመት ለፉ። አንተ ዩሮ ከፍለህ ትመለሳለህ?"

መልስ አልነበረኝም። ግን የትሩሎን ታሪክ ስሰማ እንዴት እንደወደድኩት! ከኦስቱኒ ብዙ በማይርቀው አልቤሮቤሎ በሚባል መንደር ብቻ ከ1,500 በላይ አሉ። ያለ ጭቃና ያለ ኖራ ድንጋይ በድንጋይ ተደርቦ ነው የሚሠራው። በድሮ ዘመን አዲስ መንደር የሚመሠርት ጌታ ለናፖሊ ንጉሥ ግብር ይከፍላል። የአካባቢው ገዢዎች፣ የኮንቬርሳኖ ጌቶች ታዲያ ገበሬዎቹን "ያለ ማጣበቂያ ሥሩ" አሏቸው ይባላል። የንጉሥ ሰው መጣ ሲባል ጣሪያው ይናዳል። "ቤት? የምን ቤት? የድንጋይ ክምር ነው እንጂ።" ንጉሡ መንደሯን ከእነዚያ ጌቶች ነፃ ያወጣት በ1797 ነው። እኔ እንደዚህ ያለ ብልሃት ሳይ ዕንባዬ ይመጣል።

ይህን አንብቤ በጨረስኩ ማግስት የቤቱ ባለቤት ጻፈችልን። "የማረፊያ ግብር በየሰዉ፣ በየሌሊቱ። ስትገቡ፣ በጥሬ ገንዘብ።" ከግብር ለማምለጥ በተፈለሰፈ ቤት ውስጥ! ጣሪያውን እናፍርስላት ይሆን?

ግን ያ ያስቃል። የማያስቀኝ የማቴራ ከተማ ነገር ነው። ከፑልያ አጥር ወጣ ብሎ፣ ባዚሊካታ በሚባለው ጎረቤት ክልል ውስጥ ነው ያለው። ሰው ከነበቅሎውና ከነዶሮው በዋሻ ይኖር ነበር። የአገር ነውር ተባለና በ1952 ሕግ ወጣ፤ ወደ 15,000 ሰው ከዋሻው አውጥተው አዲስ ሰፈር አስገቡ። በ1993 ዩኔስኮ ያንኑ ዋሻ ቅርስ አለው። አሁን ሻማ በርቶበት፣ ነጭ አንሶላ ተነጥፎበት በአዳር ይከራያል። የአንዱን ዋጋ አይቼ ስልኬን ዘጋሁት። ጋሼ እዚህ ላይ "ተበልተዋል" ቢሉ ኖሮ፣ ዋሻውን ትተው የወጡትን ሰዎች ማለታቸው ከሆነ፣ እኔም እጄን አወጣ ነበር። እሳቸው ግን የሚታያቸው የእኔ ኪስ ብቻ ነው።

የቤታችንን ጉድ እስካሁን አልነገርኳችሁም። ማስታወቂያው "የባሕር እይታ" ይላል። ባለቤቴ በዚህች ሁለት ቃል ነው የተሸነፈችው። እኔ ፎቶውን በጣቴ እያጎላሁ ፈለግኩ። ወይራ፣ ወይራ፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶ፣ ወይራ፣ ከዚያ ዳር ላይ እንደ ነጠላ ጥለት የቀጠነች ሰማያዊ መስመር። ባሕሩ ያ ነው። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ! ይህን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ። አባቴ ደሞዝ ይጨመራል ተብሎ ሲወራ ይላት ነበር፤ እኔ እውነት ደመናው ውስጥ ላም እፈልግ ነበር። ፑልያ ሄጄ ወተቷን ባላይም ቢያንስ ላሟን አያታለሁ።

ወደ ጋሼ ልመለስ። ሰኞ ማታ መልእክት ላኩ። "ግማሽ ዋጋ! ባሕሩ ከበሩ ሥር! ጋሊፖሊ! ያንተን ሰርዝ።" ሳሌንቶ ውስጥ ጋሊፖሊ የሚባል የኢዮንያ ዳር ከተማ አለ፤ ያማረ ነው ይላሉ። ልቤ ድንግጥ አለ። እውነት ተበልቼ ይሆን? ከፈትኩት። ክፍሉ ሰፊ ነው። ባሕሩም አለ። ዋጋውም እንዳሉት ግማሽ ነው።

አገሩ ግን ቱርክ ነው። ቱርክም ጋሊፖሊ አላት።

ልደውልላቸው ስልኩን አንስቼ ሳለሁ ሁለተኛ መልእክት መጣ። ለራሳቸውም አንድ ክፍል ይዘዋል። "እዚያው እንገናኝ" ይላል። ታች ላይ እስከ አርብ ያለ ቅጣት ይሰረዛል ተብሎ ተጽፏል።

ዛሬ ሐሙስ ነው። እያሰብኩበት ነው።