ክፍል 48፦ እናት ልጇን በጥፊ መታች

አክስቴ ሰሞኑን ስልኳ ላይ ተተክላለች። የቻይና አጭር ድራማ ነው። ያ ስልኩን ሳያጋድሙ በቁሙ የሚታየው፣ አንዱ ክፍል ከአንድ ሁለት ደቂቃ የማያልፈው፣ ልክ ጥፊው ሊያርፍ ሲል የሚቆረጠው። ቋንቋውን አትሰማም። «ጥፊ አስተርጓሚ አይፈልግም» ትላለች።

ታሪኩ ሁሌም ያው ነው። ከ20 ዓመት በፊት ሆስፒታል ውስጥ የተቀያየረች ሕፃን አለች። ደሃ ቤት ታድጋለች፤ ከዚያ ዕጣ ፈንታ በሉት የደራሲው ስንፍና፣ የገዛ እናቷ ቤት ወለል ልትወለውል ትቀጠራለች። አንገቷ ላይ ግማሽ አረንጓዴ ድንጋይ ተንጠልጥሏል። ሌላው ግማሽ እናትየው መሳቢያ ውስጥ ነው። በቀን አሥር ጊዜ ይተያያሉ። እናትየው አቧራውን ታያለች፣ የተሰበረውን ሳህን ታያለች፣ የልጅቷን አንገት ብቻ አታይም! የዲኤንኤው ወረቀት ይመጣል፣ ክፉዋ ትቀደዋለች። እንደገና ይመጣል፣ ሻይ ይፈስበታል። የልጅቷ ባል ደግሞ ቢሊየነር ሆኖ ሳለ ማንነቱን ደብቆ በሞተር ምግብ ያደርሳል። ጥቁር ሱፍ የለበሱ 20 ጠባቂዎች መንገድ ላይ ሲያጎነብሱለት እንኳ ሚስቱ አልነቃችም።

ቀልድ እንዳይመስላችሁ። በ2024 እነዚህ ድራማዎች ቻይና ውስጥ ያስገቡት ገንዘብ ከሲኒማ ቤቶቹ የትኬት ገቢ በልጧል። መጀመሪያ ጥቂት ክፍል በነፃ ያቀምሱሃል፤ እንባህ ጉንጭህ ላይ ሲደርስ «ለመቀጠል ክፈል» ይልሃል። አክስቴ አትከፍልም። የእኔን ፓኬጅ ትጨርስና ቀሪውን ቲክቶክ ላይ ከተቆራረጠው ትለቃቅማለች። ክፍል 31ን ሳታይ 40 ላይ ትገባለች። ምንም አያመልጣትም።

እኔን የሚገርመኝ፣ ይሄ ነገር እኛ ሰፈር ቢሆን ክፍል 2 እንዴት ይደርስ ነበር? ቢሊየነሩ ተደብቆ ቤት ቢከራይ አከራይዋ በሳምንቱ የአባቱን ስም ከነአያቱ፣ በወሩ ደግሞ ለምን እስካሁን እንዳላገባ ታውቃለች። ለቅሶ ቤት ሄዶ ቢቀመጥማ አለቀለት፤ ግንባሩን አይተው «ቁርጥ አባትህን!» የሚሉ አንዲት እማማ መቼም አይጠፉም።

እሑድ ቡና ላይ ሆነን ቆጣሪ የሚያነብ ልጅ መጣ። አክስቴ ከስልኳ ቀና አለች።

«አንተ ልጅ፣ የማን ልጅ ነህ?»

«ቆጣሪ ላነብ ነው፣ እማማ።»

«እሱንማ አየሁ። አገርህ የት ነው?»

«እዚሁ ነው የተወለድኩት። አያቴ ግን የመርሐ ቤቴ ሰው ናቸው።»

ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። «መርሐ ቤቴ የት?»

«ዓለም ከተማ።»

አያቱ በአራተኛው ጥያቄ የአክስቴ እናት የአጎት ልጅ ሆነው ተገኙ። አንገቱን አቅፋ አለቀሰች። እሱም ግራ ቢገባው አብሮ አለቀሰ። ወረቀት የለ፣ ድንጋይ የለ፣ ሁለት ደቂቃም አልፈጀ። ስልኩ ላይ እናትየው ገና ክፍል 48 ላይ ልጇን በጥፊ እያጮለቻት ነው።

ልጁ እስከ በረካ ጠጥቶ፣ ተመርቆ ሄደ። ቆጣሪውን ሳያነብ።